የስምንት ሳምንት ኩርፊያ

ቢፍቱ ጠዋት ለሥራ ስትወጣ በራቸው ደፍ ላይ ቆማ በስልክ የተናገረችው ሁሉ ወደ ኮሪደሩ በሚከፈተው የማድ ቤት መስኮት ቃል በቃል ገባ። አማቷ ዲንቄ ከውስጥ የሕፃኗን የገንፎ ድስት እየፈተገች ነበር። «ስምንት ሳምንት ሙሉ እኮ ነው! አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቢሆን ይሁን። እኔ ስገባ እሳቸው ይነሳሉ፤ ልጅቷን በእጄ አስይዘው መኝታ ቤት ገብተው በሩን ይዘጋሉ። አንድ ቀን ቀስ ብዬ ከፍቼ ባይ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ምን እንዳደረግኋቸው እንኳ አይነግሩኝም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለማንኛውም ዛሬ ይለይለታል» ብላ ስልኩን ዘጋችው። የጫማዋ ኮቴ አራቱን ፎቅ ቁልቁል እየወረደ ራቀ።

ዲንቄ ቧንቧው እየፈሰሰ መሆኑን ያስተዋለችው ዘግይታ ነው። አራተኛ ፎቅ ውሃ የሚደርሰው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሆነ ደንግጣ ዘጋችው፤ ድስቱን ደፍታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። መጀመሪያ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ኩርፊያ! በሃምሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ ከልቧ ያኮረፈችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ባሏ ሰቦቃ ሳያማክራት ቀዩን በሬ የሸጠ ጊዜ፣ አንዴ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ክር ፋብሪካ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት አመስግኖ ያሰናበታት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ያኮረፈችው ሥራዋን እየሠራች ነው፤ ቁጭ ብሎ ማኩረፍ የሚባል ቅንጦት አታውቅም። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ጆሮዋ ውስጥ ያ የምታውቀው የልብ ምት ጀመረ። ከበሩ ወዲያ የቆመ ሰው ምን እንደሚያይ በእነዚህ ስምንት ሳምንታት አንድም ቀን አስባው አታውቅም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ሕፃኗ ሚራክል ጉንፋን ይዟት ጤና ጣቢያ የወሰደቻት ዕለት ነው። ነርሷ ሲስተር ሳምራ ልጅቷን አይታ ከጨረሰች በኋላ፣ «እስቲ እርስዎንም ልለካዎት» ብላ ክንዷን አሰረችው፤ መቶ ሰባ ሁለት በመቶ አራት። ኪኒን ታዘዘላት። በዚያው፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ የሚያካሂደው ጥናት አለ፣ ፈቃደኛ ከሆኑ ይግቡ ተባለች። ዕጣ ወጣ። ግማሹ ሰው ስለ ጨው የሚያስረዳ ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ የዲንቄ ዕጣ ከሚቀመጡት ጋር ሆነ። ማክሰኞ ማክሰኞ ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር በጤና ጣቢያው አዳራሽ የፕላስቲክ ወንበር ላይ እየተቀመጠች፣ ትንፋሿን ሲገባና ሲወጣ መከተል፣ ሐሳቧ ሲሸሽባት ሳትቆጣው ወደ ትንፋሿ መመለስ ተማረች። ጸሎት ነው ወይ ብላ ጠይቃ ነበር። «አይደለም እማማ፤ ጸሎትዎን በሰዓቱ ይጸልዩ። ይሄ መተንፈስ ብቻ ነው» ተባለች። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ሰዓት፣ በር ተዘግቶ። ለቤት ሰውም ሆነ ለጎረቤት እንዳያስተምሩት፣ ካስተማሩ ጥናቱ ይበላሻል የሚል ወረቀት ላይ ፈረመች። ዲንቄ ደግሞ ፊርማን የምትፈራ ሴት ናት። ሰቦቃ ሽንብራ የሚዘራበት መሬት ለመጋዘን ሲወሰድ፣ አንዲት ፊርማ የአንድን ቤት ኑሮ ምን እንደምታደርግ በዓይኗ አይታለች።

የሚዘጋ በር ያለው መኝታ ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱም የልጇ የፊሮምሳና የሚስቱ ነው። እሷና ሚራክል የሚተኙት ሳሎን፣ ቀን ቀን ተጠቅልሎ ከሶፋው ኋላ በሚቆም ፍራሽ ላይ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ በንቃት እያለች ሃያ ደቂቃ አይደለም ሃያ ትንፋሽ አይገኝም። ስለዚህ ዲንቄ ሰዓት መረጠች፤ ምሽት አሥራ ሁለት ተኩል። ቢፍቱ በሩን ስትከፍት ልጅቷን ታስረክባታለች፣ ወንበሯን ይዛ ትገባለች፣ ትዘጋለች። ከግድግዳው በቀር ዓይን የማይስብ ነገር ስላልነበረ ወደ ግድግዳው ዞረች። እንዲህ ሆኖ ሃምሳ ስድስት ቀን አለፈ። ለምን እንዳልተናገረች ራሷን ስትጠይቅ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ፈርሜያለሁ።

ዛሬ የስምንተኛው ሳምንት ልኬት ነበረ። ሚራክልን አዝላ ስትወርድ ምድር ቤት ባለው ሱቅ ሐጀራ የዱቄት ጆንያ ላይ ተደግፋ ቆማለች። የስልጤ ሴት ናት፤ ባሏ ኑሪ መርካቶ ዕቃ ሲያመጣ ሱቁን ቀኑን ሙሉ የምትይዘው እሷ ነች፣ ማክሰኞ ማክሰኞም ልጅቷን የምታቆይላት እሷው ናት። «እማማ ዲንቄ፣ እንግዳ አለባችሁ እንዴ? ቢፍቱ ጠዋት ሁለት ለስላሳ በትልቁ አስቀምጪልኝ ብላ ነው የሄደችው።» ዲንቄ የምታውቀው እንግዳ የለም። ሽንኩርት ስንት ገባ ብላ ጠየቀች። ሐጀራ ዋጋውን ስትነግራት የመረጠቻቸውን አራት ራሶች ሁለቱን መለሰች። ልጅቷን ትታ ወጣች። አስፋልቱ ላይ ወደ ደብረ ዘይት የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ጫፍና ጫፋቸው ተነካክቶ ቆመዋል፤ ባጃጁ አቧራውን እየሰነጠቀ ለአጭሯ መንገድ ሃያ አምስት ብር ተቀበላት።

ሲስተር ሳምራ ፊቷ የደከመው ገና በጠዋቱ ነው። ከግድግዳው ሥር የተደረደሩት ታካሚዎች በረንዳው ድረስ ሞልተዋል። ዲንቄን ጥግ ካለች ጠረጴዛ አስቀምጣ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ማንበብ ጀመረች። «ባለፈው አንድ ወር፣ ነገሮች ከአቅሜ በላይ ሆኑብኝ ብለው የተሰማዎት ስንት ጊዜ ነው? በፍጹም፣ አልፎ አልፎ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።»

«የዛሬ ጠዋቱም ይቆጠራል?»

«ይቆጠራል።»

«እንግዲያ አልፎ አልፎ በይው።»

«የቤትዎ ሰዎች ልምምድዎን እንዴት አዩት?»

«አላዩትም። በሩን እዘጋለሁ።»

«ጎበዝ» አለች ሲስተር ሳምራ፣ ምልክት አድርጋ አለፈች። ከዚያ ክንዷን አሰረችው፣ ፈታችው፣ ደግማ አሰረችው። መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ስድስት። ነርሷ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን እንደ ተማረችው ፈገግታዋን ሰብሰብ አደረገችው። «ደስ ይላል። ግን እማማ፣ የእርስዎ አንድ ቁጥር ነው። ኪኒኑ ሊሆን ይችላል፣ መቀመጡ ሊሆን ይችላል፣ ጨው መቀነስዎም ሊሆን ይችላል። ያልተቀመጡት ሰዎች ባይኖሩ፣ የእርስዎ በምን እንደወረደ የምናውቅበት መንገድ የለንም።»

«ያልተቀመጡት ምን ሆኑ?»

«እሱ ገና አልታየም። ከሦስት ወር በኋላ ሁላችሁም አንድ ጊዜ ትለካላችሁ። እስከዚያ ይቀጥሉ፤ ለማንም እንዳያስተምሩ።» አዲስ ቅጽ አወጣች፤ ባዶ ሣጥኖች በመደዳ የተሰመሩበት።

ዲንቄ ቅጹን አጥፋ በነጠላዋ ጫፍ እየቋጠረች ጥቂት ዘገየች። «ምራቴ አኮረፉኝ ብላለች» አለች። «ምን ልበላት? ፈርሜያለሁ።»

ሲስተር ሳምራ ብዕሯን አስቀመጠች። «እንዴ! ሕክምና ላይ ነኝ፣ ጥናት ውስጥ ነኝ ማለት እኮ ይችላሉ። ልምምዱን አያስተምሯቸው ነው ያልነው እንጂ አይንገሯቸው መቼ አልን?»

ከጤና ጣቢያው ግንብ ጥግ ጥግ እየሄደች፣ ባጃጅ ሳትይዝ ግማሹን መንገድ በእግሯ ጨረሰችው። ስምንት ሳምንት ተሸክማው የኖረችው ቃል ማንም ያላሸከማት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የቀረው ምን እንደሆነ ራሷን መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ከመጀመሪያውም ታውቀው ነበር። ሰቦቃ የሞተው በግፊት ነው። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ ሕፃን ይዘው ደረጃ ላይ የወደቁ ጊዜ ፊሮምሳ እራት እየበላ፣ «በሽተኛ ሰው ላይ ልጅ መጣል ግፍ ነው፤ ለሷም ለልጅቷም» ብሎ ነበር። ልጇ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያንን ያለው በደግነት ነው፣ የሚያስፈራውም ለዚሁ ነው። ግፊት እንዳለባት ካወቀ ሞግዚት ይቀጥራል። ሞግዚቷ የምትተኛው ከሶፋው ኋላ በሚቆመው ፍራሽ ላይ ነው። ዲንቄ ዱከም ያለችው ልጇ ዳሲቱ ዘንድ ሄዳ ትኖራለች፤ ሚራክልን በወር አንዴ፣ በበዓል ታያታለች። ማታ ማታ ፀጉሯ ውስጥ እጇን ከትታ የምትተኛው ልጅ ሌላ ሰው ፀጉር ውስጥ እጇን ትከታለች። ኪኒኑን ከሩዝ ጆንያው ሥር የደበቀችው ለዚህ ነው።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። የሰቦቃ ታላቅ ወንድም ጋሽ ጉተማ ጋቢያቸውን አጣፍተው በከዘራቸው አራት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ደፉ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ቀናው፣ ከሳቸው ኋላ ደግሞ ፊሮምሳ አለ። ፊሮምሳ ከሚሠራበት መጋዘን ፈቃድ ወስዶ መምጣቱን፣ እናቱን ደግሞ ቀና ብሎ እንዳላያት ዲንቄ ልብ አለች። ያኔ ገባት፤ ሽማግሌ ተልኮባታል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በራሷ ቤት ሳለች፣ ሰው ለማስታረቅ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲመጡ የምትቀበለው እሷ ነበረች፤ አሁን የምትታረቀው እሷ ሆና ሻይ አፈላች። ቢፍቱ ከወትሮው ቀደም ብላ፣ ለአሥራ ሁለት አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀር ገባች። ከቦሌ ሁለት ታክሲ ይዛ ነው የምትመጣው፤ ሱፐርማርኬት ካሽየር ናት፣ ቀኑን ሙሉ ትቆማለች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ለስላሳውን ቀዳች፣ ከዚያ ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ከጫማዋ ጋር፣ ጉልበቷን ገጥማ ተቀመጠች።

ጋሽ ጉተማ መረቁ። ቤቱን መረቁ፣ የሟች ወንድማቸውን ስም ጠሩ፣ ከዚያ፣ «ዲንቄ» አሉ፣ «እኛ ያንቺ ሰዎች ነን። የከፋሽን ተናገሪ።»

«ኧረ የከፋኝ ነገር የለም ጋሼ።»

«የለም አትበይ። ስምንት ሳምንት ቀላል አይደለም።»

«እውነቴን ነው፤ የለም።»

አቶ ቀናው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ ጠባቂ ነበሩ፤ ዛሬም ሲቀመጡ ጀርባቸው ከወንበር አይነካም። «እሜቴ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት በር ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተቀመጠ ሰው፣ ያልከፋው አንድም አላየሁም። አንዱን ብቻ ደህና ነኝ ሲል አምኜው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ምግብ አቆመ።»

«ምግብማ ትበላለች» አለ ፊሮምሳ ቶሎ ብሎ፣ እናቱን የተከላከለ መስሎት።

ሁሉም እሷን እያዩ ጠበቁ። አሁን መናገር ትችላለች፤ ሲስተር ሳምራ ፈትታታለች። አንዲት ቃል ናት፤ ግፊት። ሚራክል እግሯ ሥር የጠርሙስ ክዳን ታንከባልላለች። ዲንቄ ቃሉን እስከ ጥርሷ ድረስ አምጥታ መለሰችው። ሽማግሌ ደግሞ ባዶ እጁን አይሄድም፤ የሚታረቅ ነገር ካልተሰጠው ነገ ሌላ ሰው ጨምሮ ይመጣል። ስለዚህ የሚሰጥ ነገር ፍለጋ ቤቱን በዓይኗ ዞረች። ጀሪካኖቹ፣ የተጠቀለለው ፍራሽ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን። «እንግዲያ» አለች፣ «ቴሌቪዥኑ ሲሰቀል የሰቦቃ ፎቶ ወረደ። የት እንደገባ የነገረኝ የለም።» ለማስመሰል የተናገረችው ነበር። ግን መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ተሰበረና ራሷም ደነገጠች፤ ያንን ፎቶ ስንት ጊዜ በዓይኗ እንደፈለገች አሁን ነው ያወቀችው።

ክፍሉ ቀለል አለ። ጋሽ ጉተማ «አየህ!» ብለው አቶ ቀናውን ጎሸሙ። ቢፍቱ ተነስታ ጎንበስ ብላ የአማቷን ጉልበት ሳመች፤ ፎቶው ቁም ሣጥን ውስጥ በፎጣ ተጠቅልሎ እንዳለ፣ መስተዋቱ እንዳይሰበር ብላ እንዳስቀመጠችው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ አለች። ይቅርታው ከልቧ ነበር። ዲንቄ ግንባሯን ሳመቻት፤ የምራቷ ግንባር ጨው ጨው ይላል። እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር፤ ጋሽ ጉተማ ግን የጀመሩትን በደንብ ለመጨረስ፣ «አንቺስ? አንቺም ካለሽ ዛሬ ነው» አሏት።

«የለኝም» አለች ቢፍቱ። ከዚያ ደግሞ፣ ወደ ማንም ሳታይ፣ «ጫማዬን አላወልቅም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ስገባ ጫማዬን አላወልቅም። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ፣ አሥር ሰዓት ሙሉ ቆሜ እመጣለሁ። በሩን ስከፍት ልጅቷን በእጄ ያስይዙኝና ይገባሉ። እሷን ይዤ ወጥ አሞቃለሁ፣ እሷን ይዤ ሽንት ቤት እገባለሁ። እኔ ይቅርታም አልፈልግም፤ እርቅም አልፈልግም። ጫማዬን የማወልቅበት ጊዜ ነው የምፈልገው።» እንዳታለቅስ ከንፈሯን ነከሰች።

አቶ ቀናው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ይሄማ ኑሮ ነው እንጂ ቅሬታ አይባልም።» ጋሽ ጉተማም እንደዚያው አሰቡ። ሁለቱን ሴቶች አስተቃቅፈው፣ መርቀው፣ ለስላሳውን ጨርሰው፣ ነገሩ በፎቶ ማለቁ ደስ እያላቸው ተነሱ። ፊሮምሳ እስከ ታክሲው ሊሸኛቸው ወጣ። ድምፃቸው ደረጃውን እየወረደ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር፤ ይስቃሉ።

ሰዓቱ አሥራ ሁለት ተኩል ሆኖ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ብርጭቆዎቹ መካከል ቆመው ቀሩ። ዲንቄ የዛሬ ጠዋቱ ቁጥር ትዝ አላት፤ መቶ ሠላሳ ስምንት በሰማንያ ስድስት። ያ ሁሉ የወረደላት፣ ከማን ላይ ሃያ ደቂቃ ተወስዶ እንደሆነ አሁን ቆማ እያየችው ነው። ሲስተር ሳምራ ያልተቀመጡት ምን እንደሆኑ ገና አልታየም ብላለች። አንደኛዋ ግን ይህችውና፣ በአበጠ እግሯ ከፊቷ ቆማለች።

ወንበሯን አነሳች። ወደ መኝታ ቤቱ ይዛው ገብታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችና፣ «ነይ» አለች። «ግቢ። መጀመሪያ ጫማሽን አውልቂ።»

ቢፍቱ በሩ ላይ ቆመች። «እማዬ፣ እኔ እኮ እንዲህ ብዬ አይደለም...»

«ተቀመጪ። ዓይንሽን ጨፍኚ። ትንፋሽሽ ሲገባ እይው፣ ሲወጣ እይው። ሐሳብሽ ይሄዳል፤ ይሂድ፣ አትቆጪው፣ መልሺው። ሌላ ሥራ የለሽም። ማንም አይጠራሽም።» የፈረመችበት ወረቀት ለአንዲት ቅጽበት በዓይኗ ላይ ዞረና አለፈ።

ቢፍቱ ወንበሩን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ አማቷን አየች። «ይሄን ነበር የሚያደርጉት?»

«ይሄን ነበር።»

«ኩርፊያ አልነበረም?»

«ግፊት አለብኝ» አለች ዲንቄ። ቃሉ ሲወጣ እንደፈራችው አልከበደም፤ ከወጣ በኋላ ነው የከበደው። «ሐኪም ነው ያዘዘኝ። ፊሮምሳ አያውቅም።»

ከታች አንድ ከባድ መኪና ማርሽ ሲቀይር የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ቢፍቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አንዱን ጫማ አወለቀች፤ ጣቶቿን አንቀሳቀሰች። ሌላውን አወለቀች። «መድኃኒት ይውጣሉ?»

«እውጣለሁ።»

«የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ሩዙ ጆንያ ሥር።»

«እዚያ እርጥበት አለው እኮ» አለች ቢፍቱ። «ይበላሻል። ቴሌቪዥኑ ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ ያውጡት።» ከዚያ ወደ ወንበሩ ተዛወረች፣ ባዶ እግሯን ሲሚንቶው ላይ ዘርግታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዲንቄ በሩን ዘጋችው። ሚራክልን በጀርባዋ አድርጋ፣ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ በየፎቁ እያረፈች ወረደች። ሐጀራ ሱቋ ደጃፍ ላይ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ አይታለች፣ ወሬውም አልጠፋትም።

«እንኳን ታረቃችሁ እማማ ዲንቄ። ቢፍቱስ?»

«ቢፍቱ አኩርፋለች» አለች ዲንቄ።

«አልሃምዱ... ምን? አሁን ታርቃችሁ አልነበር እንዴ! እስከ መቼ ልታኮርፍ?»

ዲንቄ ቀና ብላ አራተኛ ፎቅን አየች። የመኝታ ቤቱ መብራት አልበራም። ሚራክል ወደ እናቴ ውሰጂኝ እያለች ነጠላዋን ትጎትታለች።

«ሃያ ደቂቃ» አለች፤ ልጅቷን ወደ ጭኗ አዙራ አቀፈቻት።